እንግዳ በመዳፍ ላይ

ስሟ ጀልባ ማለት፣ ባሕር ግን የላትም፤
ዉች የሚሏት ከተማ፣ ወንዟ አይታይም።
ፋብሪካው በበዛ ዕለት፣ ጨርቅ በገነነበት፣
ከጎዳናው በታች፣ በጡብ ቦይ ቀበሩት።
ዛሬም ይፈስሳል አሉ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣
ትራሙ ሲያልፍ በላዩ፣ ብረት አፋጭቶ።

እኔም ምድር ቤት ነኝ፣ ከዚያው ጎዳና ሥር፣
የሞተ ኮምፒውተር ስገንዝ፣ ስመረምር።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው፣ ዝናቡ ሲበርድ፣
ወይዘሮ ቦጉሚዋ ደረጃዬን ስትወርድ፣
ጭና በገበያ ጋሪ፣ አመድማ ማሽኗን፣
በላስቲክ አስራ፣ ሃያ ዲስኬቷን።
«ባሌ ነው የጻፈው፣» አለች፣ «ይህን ፕሮግራም፤
ሹራብ መሥሪያዬ ከሱ ሌላ አይሰማም።
እሱ ስምንት ዓመቱ፣ ይህ ደግሞ ትናንት ማታ፤
ከሁለት አንዱን እንኳ መልስልኝ፣ በፈጠረህ ጌታ።»

ከፈትኩት። አቧራ። የሸረሪት አጽም።
ያበጠ ካፓሲተር። አይነሣም በፍጹም።
«ሣጥኑስ ሄዷል፣» አልኳት፣ «ነፍሱን እንሞክር፤»
አወጣሁ የመነጽር ቤት የሚያክል፣ የእጅ ኮምፒውተር።
ክፍት ምንጭ ነው ሥርዓቱ፣ ጌታ የለውም፤
ቁልፉ ከደጃፉ ነው፣ ማንም አይዘጋውም።
ደቦ ነው፣ ጠላ የለው፣ አጫጁ ሳይተያይ፣
ሌት ያጨዱት መስመር፣ የሁሉም ሲሳይ።

በዚያ ውስጥ ሠራሁኝ፣ ሌላ ሰው ሠራሽ ቤት፣
የሐሳብ ቦርድ ያለው፣ የአየር ዲስክ ያለበት፤
ምናባዊ ማሽን፣ በማሽን ሆድ ያለው፣
እንግዳ መሆኑን፣ ማንም ያልነገረው።

ችግሩ ቋንቋ ነው፤ ያሮጌው ፕሮግራም ቃል
ለአዲሱ ፕሮሰሰር፣ ባዕድ ልሳን ሆኗል፤
አስተርጓሚ መሐል ቆሞ፣ እንደ ችሎት፣
ቃል በቃል ሲፈታ፣ ነጋ ያ ሌሊት።
መዳፍ ላይ ይግላል፣ እንደ ትኩስ እንቁላል፤
ማራገቢያ የለው፣ ዝም ብሎ ያስባል።
ሦስቴ ጨለመብኝ፤ ሦስቴ ገደልኩት፤
ሦስቴም ያለ ለቅሶ መልሼ አስነሣሁት።
ከሃያው ዲስክ ሦስቱ፣ አንነበብም አሉ፤
ሁለቱ በአልኮል ታሽተው፣ ኋላ ተከተሉ፤
አንዱ ሻግቷል። ይቅር።

ማክሰኞ ተመለሰች። አረንጓዴ ፊደል
መዳፌ ላይ በራ፣ «የይለፍ ቃል?» ሲል።
የራሷን ስም ጻፈች። እንቢ። የልጇን። እንቢ።
የሠርጋቸውን ቀን። «የለም፣ አትግቢ!»
ዝም አለች። ዝም አልኩ። ትራም አለፈ በላይ።
እጇን ከአፏ አነሣች፣ ዓይኗ ጣራው ላይ፤
«ያ ውሻ!» አለች፣ «ያ፣ የጎረቤት ውሻ፣
ሲረግመው የኖረ፣ ከንጋት እስከ ማምሻ!»
ቡ-ሬ-ክ ብላ ነካች፣ በአንድ ጣት፣ በቀስታ፤
ቤቱ ተከፈተ። «ሌባ!» አለች፣ ሥቃ፣ አንብታ።

ንድፉ ወረደላት፣ አጋዘን፣ ኮከብ፣ ቀለበት፤
በየረድፉ መሐል፣ ምራቅ የሚዋጥበት።
ከግርጌው ስሙ አለ፤ «ዚግሙንት፣ ቅጂ አራት፤
ስሕተት ካያችሁ ጥሩኝ፤ እነሣለሁ በሌሊት።»

ሰዓቱን አየችው፣ ማዕዘኑ ላይ ያለ፤
«ዘጠና አንድ፣ መጋቢት» ይላል፣ እንደተተከለ።
ያ ቀን የዲስኩ ነው፤ ዋሽቼው ነው እኔው፣
ደንግጦ እንዳይነቃ፤ ዘመኑ እንዳይከፋው።
«ሳጠፋውስ?» አለች። «ይተኛል፣» አልኳት፤
«ሲያበሩት ይነቃል፣ ከዚያችው ቅጽበት፤
መሐል ያለፈ ዘመን፣ ቢነግሩት አይገባው።»
«እርጅናዬንም?» አለች። መልሱን ከየት ላምጣው።

እንግዳ ሲሰነብት፣ ከወርቅ ብር ይሆናል፣
ከብርም መዳብ ይላሉ፤ ይህ ግን ወርቅ ቀርቷል፣
ቀን ስለማያልፍበት።

«እንግዲያስ፣» አለች ቆይታ፣ «ዛሬን አሳውቀው፤
በማያውቀው ዓመት ውስጥ፣ ብቻውን አንተወው።»
ቀኑን አስገባሁለት። ሁለት አሃዝ ብቻ ያውቃል፤
ሃያ አራትን ሲያይ፣ «ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት» ይላል።
«ጉድ ነው!» አለች፣ «እንግዲህ እሱም አልተወለደ፤
እኔም የለሁ፤ ውሻውም... ማን ታዲያ ማንን ለመደ?»
«ላርመው?» ብላት፣ «ተው፤ ባለበት ይኑር፤
ሹራብ ምን አገባው፣ ከዓመተ ምሕረት ቁጥር።»

ጓንቷ ውስጥ ከተተች፣ እንግዳውን ከነቤቱ፤
ፌርማታው ላይ ቆመች፣ ጠፍቶ ነበር መብራቱ።
ቻርጀሩን ረሳችው፣ እኔ ዘንድ ተጠቅልሎ፤
ባትሪው አራት ሰዓት ነው፤ ትመለሳለች፣ ቶሎ።

ጀርባዬን ለግድግዳ። ብርድ ነው። ጣቶቼ ደነዘዙ፤
ወለሉ በስሱ ይርዳል፤ ትራም ነው፤ ወይም ወንዙ።