ለላኪው አንቀጽ የለውም

የእኔ ሥራ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ነው፤
ማን ምን እንዳለ ነው፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው።
በካላማ ከተማ፣ በረሃው ጫፍ ላይ፣
ዝናብ በማያውቀው በአታካማ ሰማይ፣
ያን ማክሰኞ ለታ ምክር ቤቱ ዋለ
የስልክና የመሪን ደንብ እያደላደለ።

አንቀጽ አንድ፦ መሪ የጨበጠ እጅ ስልክ አይንካ።
አንቀጽ ሁለት፦ ቅጣቱ፣ በገንዘብ ሲለካ።
አንቀጽ ሦስት፦ እምፓናዳ፣ ኩል፣ ምላጭ፣ ካርታ፣
ጭን ላይ የሚቀመጥ ውሻም ሳይቀር፣ በተርታ።
እዚህ ላይ ተሳቀ። «ሳቅ» ብዬ ጻፍኩት፤
ደንባችን ነውና በቅንፍ አኖርኩት።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት እጇን አነሣች፤
ኤዱቪሂስ ትባላለች፣ ልብስ ሰፊ ነች።
«ልጄ ኒባልዶ መዳብ ነበር የሚጭነው፤
ወደ ቶኮፒያ ቁልቁለቱን ሲወርደው
ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው የቀረው።
እዚያ ትንሽ ቤት ሠርተንለታል፤ ታርጋው ተሰቅሏል፣ ታውቁታላችሁ፤
አልፋችሁት ይሆናል ጥሩንባ ነፍታችሁ።

«እናንተ የምትቀጡት መሪ የያዘውን ነው።
የጻፈለትስ? ላኪውስ የት ነው?
አንቀጽ አጣሁለት ባገላብጥ ወረቀቱን።
እኔ ነኝ የጻፍኩት። ‹በልተሃል?› ነው ያልኩት፣
መንገድ ላይ መሆኑን እያወቅሁ፣ ሰዓቱን።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ማራገቢያው ብቻ ሲጥ ሲጥ ይላል።
ሊቀ መንበር ኦያርሱን መነጽሩን አወለቀ፤
«እመቤት፣ እናትነት…» ብሎ ጀመረና
ዐረፍተ ነገሩ መሀል መንገድ ወደቀ።

«መልስም ነበረው» አለች፤ «ስልኩን ሰጥተውኛል፤
መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፣ ግን ይነበባል፤
አንድ ፊደል ብቻ፤ ‹አ› ይላል።
ሰባት ወር ሙሉ እሷን ነው የምፈታ፣
‹አዎ› ሊል ነበር? ‹አልበላሁም›? ጠዋትም ማታ።
በሁለቱም ይጀመራል በዚህች ፊደል።
ጾሙን ከሆነስ የሄደው?»
ተቀመጠች።

ኦያርሱን በጣቱ ጠቆመኝ፤ አይመዝገብ ነው፤
ከአጀንዳው ውጪ ነው፣ ለአንቀጽ አይመችም ነው።
ደንቡ ጸደቀ። ሰባት ለዜሮ።
ከውጭ አንድ ከባድ መኪና አለፈ አጓርቶ፣ አቧራ ቆስቁሶ።

እኔም አልመዘገብኩም፤ የታዘዝኩትን ፈጸምኩ።
ግን ከአንቀጽ ሦስት በታች፣ ከሳቁ ዝቅ ብዬ፣
ባዶው መስመር ላይ አንዲት «አ» ጽፌ ተውኩ።
ወደፊት የሚያነብ ካለ ስሕተት ይመስለዋል፤
ጸሐፊው ሊጽፍ ሲል
አንድ ሰው ጠርቶት ነው ይላል።