ተቀባይ

ሽንብጥ፣ ከብረታ ብረቱ ጀርባ፣ የምንከራያት ክፍል አለች፣
ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን፣ ጣሪያዋ በፍራሽ የታፈነች።
ማይኩ እንደ ቆመ ነው፣ በረጅሙ በአንለይ ቁመት፤
ዙሪያውን እንጠርጋለን፣ የሚነካው የለም በድፍረት።

«አንለይ» ብላ ስም አወጣች እናቱ፣ አባቱ ጓዙን ሲሸክፍ፤
ስሙ ግን አባትየውን አላስቀረው፣ ያ ክረምት እንኳ ሳያልፍ።
ልጁንም አላስቀረው።
ወባ ነው ያሉን። ተራ ወባ፣
ጥቅምት ላይ፣ ውኃው ሲሸሽ፣ ትንኝ ከየጓሮው ቤት ሲገባ።
«ልምምዱን ጨርሼ እታከማለሁ» አለ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ።
«እንደገና፣ ከላይ!» ያልኩት እኔ ነኝ።
ዘፈኑ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ያልኩትን አደረገ።

«ደንገል» ነው የባንዳችን ስም። አምስት ነበርን።
«ይኼ ምን ሙዚቃ ነው?» ይላል ሰው፣ «እስክስታ አይመታበት፣
በሰባት ትቆጥራላችሁ፣ እግር የት ይረፍበት?»
እውነቱን ነው። አንዴ ሠርግ ጠርተውን፣ ሙሽራዋ ራሷ አስቆመችን፤
ግማሽ ክፍያ፣ ሙሉ ምሳ፤ አንለይ እስከ ቤት አሳቀን።

ፈንታሁን መጣልን ከወረታ፣ በጠዋቱ ሚኒባስ፣
ድምፁ እንከን የለውም፤ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ሳይተነፍስ።
ስሙን ሲነግረን ተያየን፤ ይበልጣል ከበሮው ላይ አቀረቀረ፣
አገሬው ያውቀዋል ይህን ስም፤ ለሞተ ልጅ ምትክ የተቸረ።
ሁለት ሳምንት ዘፈነልን፣ የአንለይን ግጥም በአንለይ ዜማ፤
ሁሉም ትክክል ነበር። ትክክል።
መብራት እያለ ቤቱ ጨለማ።

አንድ ማታ የእውነት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ የለው፤
በር ከፍተን ተቀመጥን፣ ከሩቅ ደንገሉን ነፋስ ሲያሻው።
«እኔኮ» አለ ፈንታሁን፣ «ከተወለድኩ ጀምሮ የሰው ቦታ ላይ ነኝ፤
ከእኔ በፊት የሞተውን እያየች ነው እናቴ ‹ና ብላ› የምትለኝ።
ልብሱን ለበስኩ፣ አልጋው ላይ ተኛሁ፤ አሁን ደግሞ ማይካችሁ።
አልችልም።
አውጪው እሱ ይሁን፣ እንደ ነበረ። እኔ ተቀባይ ልሁናችሁ።»

መብራት ሲመጣ ፈለግነው፣ ከድሮ ቅጂዎች መሐል።
ድምፁ የለም። አንድ ነገር ብቻ ተርፏል፤
ሊጀምር ሲል የሳበው አየር።
አንድ ትንፋሽ፣ ወደ ውስጥ፣ ከቆጠራው በፊት፣
ከዚያ ጭጭ፤ ገመዱ ተነቅሎ ነበር ያን ዕለት፣ በእኔው ጥፋት።

እሱን አስቀደምነው።
ትንፋሹ ይገባል፣ ከዚያ ቤዙ፣ ከዚያ የይበልጣል ሲምባል፣
ከዚያ ግጥሙ የነበረበት ባዶ፣ ስምንት መስመር ሙሉ፣ ማንም ያልረገጠው፤
ፈንታሁን ባዶውን ይቀበለዋል፣ ዝቅ ብሎ፣
እኛ ያልሰማነውን የሰማ ይመስል።

እኅቱ ትርንጎ፣ ወደቡ ላይ የጀልባ ትኬት የምትቆርጠው፣
በአንድ ጆሮዋ ሰማችው፣ እምቦጩን እያየች፣ ተሳፋሪው ሲጠብቃት።
ትንፋሹ ላይ ቀና አለች፣ የሆነ ሰው እንደ ጠራት።
«ጉንፋን ይዞት ነበር ያን ቀን፤ አፍንጫውን ስሙት» አለች፣
ለአንድ ሽማግሌ መልስ ቆጠረች፣ አሥር ብር ጎድሎ ኖሮ ጨመረች።

አሁን ክፍሏ ውስጥ ሁለት ማይክ አለ፤ አንዱ ረጅም፣
ከጎኑ ፈንታሁን ከወረታ ይዞት የመጣው።
አልበሙን «አንለይ» አልነው። ሌላ ስም አልመጣልንም።
ፋሲሎ ያለው ፍላሽ የሚጭነው ልጅ «የፍቅር ነው?» አለ፣
«አዎ» አለው ይበልጣል፣ ሌላ ምን ይበለው።
ልጁ ትንሽ አዳመጠ። ጠበቀ።
«ታዲያ ዘፋኙ መቼ ነው የሚጀምረው?»
አለ፣ ወደ ፊት እያሳለፈው።