ካርቶኑ

«መብራቱን ስታበሪ ቸኩለሽ አትምቺ፤
ቁሚና የሚሸሽበትን ተመልከቺ፤
የሮጠው አንድ ነው፣
የሮጠበት ስንጥቅ ግን አገር ነው።»

ያለችኝ ኩማሪ ናት፣ የስሪላንካዋ፣
በወጥ ቤት ዐረብኛ፣ በእጅና በቅንድቧ፣
ሰልሚያ፣ አምስተኛው ፎቅ፣ ኩዌት፣
ግድግዳው በሌሊት እንኳ እንደ ሕመምተኛ ግንባር በሚያተኩስበት።

«ትልቁ ቀዩ በረሮ፣ ክንፉን የሚያንኳኳው፣
ሙቀት ነው ከፍሳሽ ጉድጓድ የሚያወጣው፤
እሱስ እንግዳ ነው፣ መንገድ የጠፋበት፤
በጫማ ይሸኛል፣ በሩ ይዘጋበት።
ትንሿን ነው መፍራት፣ ገብስ የምታክለውን፣
ጀርባዋ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያላትን፤
እሷ አትበርም፣ ትወልዳለች ዝም ብላ፣
በቁም ሳጥን ማጠፊያ፣ በፍሪጅ ሞተር ኋላ።
ምልክቷ ይሄ ነው፦ የቁንዶ በርበሬ ብናኝ
የመሰለ ጥቁር፣ ጥግ ለጥግ የሚገኝ፤
ደግሞም የከረመ ዘይት የሚል ሽታ፣
ማንም ሳይጠብስበት፣ በውድቅት፣ በማታ።»

ኡም ፈዋዝ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና
«ያንቺ ሻንጣ ነው ያመጣው» አለችና
ወጣች።
ሻንጣዬን አሰብኩት፣ ስመጣ የያዝኩትን፦
ሁለት ቀሚስ፣ ፓስፖርት፣ የእናቴ መቁጠሪያ፤
በረሮ ምን ሊበላ ይገባል ከዚያ?

ዘመቻ ጀመርን። ኩማሪ ቦሪኩን
በስኳር ለወሰች፤ እኔ ጨለማውን
በባትሪ ፈተሽኩ፣ በሆዴ ተኝቼ፣
የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ በጨርቅ አስሬ፣ አጥብቄ፣ ዘግቼ።
«ውሃ ነው የሚያኖራት፤ ምግብ ብታጣ ትጾማለች፣
ጥም ግን አትችልም» ትላለች።
ገንዳውን በየማታው ማድረቅ፣
ከምድጃው ስር የሩዝ ፍሬ መልቀም፣ መጥረግ፣ መፋቅ።
በሳምንቱ ሙታኑ በመጥረጊያ ተዛቁ።
በሁለተኛው ሳምንት ሌሎች ብቅ አሉ፣ ገና ያልጠነከሩ፣ የሚያሳሱ፣ ደቃቁ።

አንድ ሌሊት መብራቱን አበራሁ። አልመታሁም።
ቆምኩ። የምትሸሸውን ተከተልኩ በዓይኔ፤
ከወጥ ቤቱ ወጣች፣
በመጋዘኑ በር ስር ሾለከች፣
ወደ መኝታዬ፣ ወደ እኔ፣
ወደ ፍራሼ ግርጌ፣
ወደ ካርቶኔ።

ሁለት ዓመት ተኩል ነው የሞላሁት፤
ስኮትች ሦስት ዙር ያዞርኩበት፣
«ይመር አሊ፣ ደጋን» ብዬ በማርከር የጻፍኩበት።
የአባቴ ካፖርት፣ የመሬማ የሰርግ ድስቶች፣
የዱቄት ወተት፣ ሻምፖ፣ አንሶላዎች፣
ከታች የሉባባ ጫማ፣ ሲረገጥ የሚበራ።
ለካስ የካርቶን ግድግዳ ሆዱ ባዶ ነው፣ በተራ በተራ
ጎጆ ጎጆ የተከፈለ፤ ሙጫው ቀለብ፣ ሽንቁሩ አዳራሽ።
ስኮትቹን በቢላ ቀደድኩ። ወለሉ ሆነ ሽሽ።
በሉባባ ጫማ ውስጥ፣ ጣት በሚገባበት፣
የምስር ቅርፊት የምታክል የእንቁላል ከረጢት፣ ባዶ፣ የተፈለፈለበት።

ተቀመጥኩ። ሳቅ መጣብኝ።
በሚቀጥለው ወር በካርጎ ተጭና፣
አዲስ አበባ አርፋ፣ ደሴን አልፋ፣ ደጋን ገብታ፣
ያለ መውጫ ቪዛ፣ ያለ ማዳም ፊርማ፣
አባቴን ልትጠይቅልኝ ነበር እኮ፣ ከእኔ ቀድማ።

ነሐሴ ነው። አገር ቤት ጭጋግ፣ ጭቃ፣ ጎርፍ፤
እዚህ የጣሪያው ሲሚንቶ ተረከዝ የሚገፍፍ።
ዕቃዬን በሙሉ ቀትር ላይ ዘረጋሁት፤
ካፖርቱን በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ ለፀሐይ ሰጠሁት።
ወተቱን ኩማሪ ፍሪዘር ከተተችው፤
ካርቶኑን ጨፍልቄ፣ በሁለት ከረጢት አስሬ፣ ገንዳ ወሰድኩት፣ ጣልኩት፣ ዳግም አላየሁት።

«ጠፋ?» አለች ኡም ፈዋዝ። «ጠፋ።» «ከየት ነበር?»
«ከፍሳሹ» አልኳት።
ኩማሪ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት ስትከትፍ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ክዳኑ የሚገጥም ላስቲክ ሳጥን አለኝ፣
ውስጡ ከውጭ የሚታየኝ።
ሁሉም ተመልሷል፣ ከጫማው በቀር።
በአልኮል ስጠርገው፣ ሶሉን ስገለብጠው፣
ቁጥሩን አየሁት፦ ሃያ አምስት።
ስገዛው አራት ዓመቷ ነበር፤
ጥቅምት ሲመጣ ሰባት።
መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።
አንዳንዴ ሌሊት በጣቴ ጫን እለዋለሁ፣
ይበራል፤
ወለሉ ባዶ ነው፤ የሚሸሽ የለም።