የአልጋው እግር

ምድር ቤት ተከራየን፣ ከፎቶ ቤት በታች፣
መስኮቷ ስንዝር ናት፣ ከመንገድ ያነሰች።
ሰው አይታይባትም፤ የሚያልፈው እግር ነው፣
የተማሪ ሸራ፣ ያህያ ሰኮና ነው።

ጣሪያው አናት ይልሳል። ባሌ አንሙት ረጅም፣
ጾምም ሆነ ፍስክ ከስግደት አያርፍም።
«ይህን ያህል ሰማይ ማርቆስ ላይ እያለን
ምን ዕዳ ነው» አለ «ከጉድጓድ የጣለን?»

ኖራ በጠበጥኩኝ፣ ጨው ጣል አረግሁበት፣
ግድግዳውን ቀባሁ፣ ጣሪያውን ደገምኩት።
ስንጥቅ መስታወቴን ከመስኮት ፊት ሰቀልኩ፣
ጥቁሩን ቁም ሳጥን በቢጫ ሰሌን ለወጥኩ።

ጣሪያው ግን ያው ጣሪያ።
ተገፍቶ አይነሳ፣ ተለምኖ አይላላ፤
እሱ ከፍ ካላለ እኛ ዝቅ እንበላ!
ከአናጢው ከስንሻው መጋዝ ተበደርኩኝ፣
ያልጋውን አራት እግር ከጉልበቱ ቆረጥኩኝ።

አንሙት ማታ መጣ። ጋደም አለ። ዝም አለ።
«ከፍ አለ» አለኝ ጣሪያው፣ እጁን እየሰቀለ።

ጠዋት በሦስት ሰዓት ፀሐይ ከመንገድ ወርዳ፣
መስታወቱን ነክታ ፈሰሰች ግድግዳ፤
ያላፊው እግር ጥላ ጣሪያችን ላይ ሲሄድ
ተኝተን ቆጠርን፦ ሸራ፣ ቦት፣ አንድ ውርንጭላ፣
አንድ የቸኮለ ነጋዴ።

ሃያ ደቂቃ ናት፤ ከዚያ ትሄዳለች።
ለአከራይዋ ለአድና እንዳትነግሩብን፦
ኪራይ ትጨምራለች።