የቁልቁለት ሂሳብ

ገመዱን አልሳብኩም፤ ቀለሃ አልነካሁም፤
አንድም ቀን በጆሮዬ ጥጥ እንኳ አልሰካሁም።
ከመድፎቹ ኋላ፣ ከሸራ ድንኳን ሥር፣
እርሳስ እየቀረጽኩ፣ ቁጥርን ከቁጥር ጋር ሳስተሳስር
አራት ዓመት አለፈ።
ካርታው ላይ አንድ ነጥብ፤ እስከ ነጥቡ ስንት ሜትር፣
ነፋሱ ከየት ነው፣ ባሩዱ ምን ያህል ሞቋል፣
ኮረብታው ከኛ በላይ ምን ያህል ከፍ ብሏል፤
ደምሬ፣ ቀንሼ፣
በስልክ ለአዛዡ አነብለታለሁ፣ ድምፄን አለስልሼ።
ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ሥራ አልነበረም።
ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም።

አሁን ታጂኪስታን ነኝ፤ ከፓሚር ተራራ ሥር፣
ሃምሳ ሦስት ቤት ካላት፣ ከዳሽቲሙር መንደር።
የእርዳታ ድርጅቱ ሰማያዊ ሰደርያ ሰጠኝ፤
እሱም የእርሳስ ኪስ አለው። ሳየው ደነገጥኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሽማግሌው ዳቭላትሾ፣ የጥንት ትራክተር ነጂ፣
በሩሲያኛ ያወሩኛል፤ እሳቸው ታጂክ፣ እኔ ጆርጂያዊ፤
የሁለታችንም ያልሆነ ቋንቋ፣
ከፈረሰ ቤት እንደተረፈ ብርድ ልብስ፣ ጫፍና ጫፉን ይዘን የምንለብሰው።

«ወታደር ነበርክ አሉ?»
«ነበርኩ።»
«ምን ትሠራ ነበር?»
«ሂሳብ።»
ሻያቸውን ፉት አሉ። በጨውና በወተት ነው የሚጠጡት።
«በማን ላይ?» አሉኝ ቆይተው።

ምንጩ ከመንደሩ በላይ፣ በረዶው ከሚያልቅበት ነው፤
ውሃው ወደ ሰው ስለማይመጣ ሰው ነው ወደ ውሃ የሚሄደው፤
ኦይሞህ ከአህያዋ ጋር፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሸለቆውን ወርዳ።
ሜትር ይዤ ወጣሁ። ዐይን አመሉን አይተው፤
ገደሉን ገና ሳየው ርቀቱ ነው የሚታየኝ፦
ሁለት ሺህ አንድ መቶ፤
ከዚያ ማዕዘኑ፣ ከዚያ ነፋሱ፣ ከዚያ የሚያርፍበት...
ኧረ ተው ጉራም። ውሃ ነው። ውሃ ነው ይሄ።

ያው እርሳስ፣ ያው ሰንጠረዥ።
ከፍታ ሲቀነስ ከፍታ፤ የቱቦው ውፍረት፤ በፍትጊያ የሚባክነው።
እያንዳንዱ ቤት አርባ ክንድ ቦይ ቆፈረ፤ መበለቶቹ ጎረቤት ቆፈረላቸው።
ጎረምሶቹ ጥቁሩን ቱቦ በትከሻቸው ተሸክመው አቀበቱን ሲወጡ
ሌላ ነገር መሰለኝ። አልናገረውም።

በመክፈቻው ቀን ቧንቧው አየር ብቻ ተነፈሰ።
ጀሪካን ይዞ የቆመው ሰው አንድ ባንድ ተመለሰ።
ሌሊቱን በባትሪ ብርሃን ደብተሬን አገላበጥኩ፤
አንድ ቦታ ላይ፣ አርባ ሁለትን ሃያ አራት ብዬ ገለበጥኩ።
ይኸው ነው። ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋወጡ።

ላጲሱን እንደያዝኩ እጄ ቆመ።
ያኔስ?
በዚያ አራት ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ገጽ፣
ስንት አርባ ሁለት ይሆን ሃያ አራት ያልኩት፣
ማንም ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ፊቴ ያልቆመበት?
ደግሞስ ያልተሳሳትኩት?
ልክ የመጣውስ?

ሲነጋ ለዳቭላትሾ ነገርኳቸው፤ «ጥፋቱ የኔ ነው።»
«እንግዲያው አካፋ ያዝ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ስድስት ቀን ቆፈርን። በሰባተኛው ውሃው እያሳለ መጣ፣
ቡናማ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት።
ማንም አላጨበጨበም።
ኦይሞህ ሞላች፣ አሸተተች፣ ደፋች፣ እንደገና ሞላች፤
ቧንቧው የአፕሪኮት ዛፌን ሥር ነካ ብላ ተቆጣችኝ፤
እውነቷን ነው፣ ነክቷል።

ማታ ላይ ደጃፍ ተቀምጠን
አህያዋ በሰዓቷ ተነሣች፤
ጭነት የለባት፣ የሚነዳት የለ፣
አንገቷን ደፍታ፣ በዚያው በድሮው መንገድ፣ ወደ ሸለቆው።

«አመል ነው» አሉ ዳቭላትሾ። «ይተዋታል።»
«መቼ?»
ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ኮቴዋ ከጠጠሩ ላይ እስኪጠፋ ሰማሁ።
ከዚያ ቀና ብዬ ተራራውን አየሁ።
ሁለት ሺህ አንድ መቶ።