አሥራ አንድ ደቂቃ

እኔ ቀጂ ነበርሁ፥ በዚያ በፋሲካ ሌት፣
ከሁሉ የማንስ፥ ከማዕዱ ዳር ያለሁት፤
ቀጂ አፍ የለውም፥ በጉሪያ ደንብ፣
እጅ ብቻ ነው፥ ጎድሎ ሲያይ የሚያስብ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
ከታች የሻይ ተክሉ ጭጋግ ተከናንቧል።
ከበሩ ጥግ ተቀምጧል፥ ያ የአፈር ኳስ፣
ሁለት መንደር ሲታገልበት የዋለ፥ እስኪቀደድ ልብስ፤
በአፈርና በወይን ጠጅ የተጠቀጠቀ፣
እንደ ጥጃ የሚከብድ፥ በጭቃ የተለቀለቀ።
አሸንፈናል። ወጉ ነው፥ ሲነጋ ይወሰዳል፣
ዘንድሮ ከሞቱት ባንዱ መቃብር ላይ ይቀመጣል።

ኤልጉጃ፥ የማዕድ አባት፥ ቀንዱን ከፍ አድርጎ፣
"ያገር ማልያ ለለበሱ!" አለ፥ ጢሙን ጠርጎ።
ምነው ባላለ!

"ከጁምበር ወዲያ ላሳር!" አለ ቫርላም፥ ጠረጴዛውን መትቶ፣
"ስክረም ውስጥ ሲገባ፥ ያን የጎሽ ማጅራት አጉብጦ፣
ስምንት ሮማንያዊ ወደኋላ፥ እግሩ ሣር እየላጨ፣
ዳኛው በድንጋጤ ፊሽካውን አላመጠ!"

"በሬ ነው!" አለ ፓርመን። "በሬ ያርሳል እንጂ ግጥሚያ አያሸንፍም፤
ቤሳርዮንን ጥራ! የሱ እግር ቅኔ ነው፥ ጉልበት አይደለም።
ከመሐል ሜዳ ለግቶ፥ አንድ ቀን የሰደዳት፣
ዳቦ ቆርሰን፥ አይብ በልተን፥ ገና ሰማይ ላይ ነበረች፥ ሳናያት፤
ስትወርድ ግን በሁለቱ ቋሚ መሐል፥ እንደ ቤቷ ገባች።"

"የመጨረሻዋስ? ያቺ በስንዝር የሳተች?"

ካርሎ፥ እስካሁን ዝም ያለው፥ የቀድሞው የሒሳብ መምህር፣
መነጽሩን አወለቀ፦ "መጀመሪያ እንቁጠር።
የቡድኑ ታሪክ ከየት ይጀምራል?
ባንዲራ ሳይኖረን፥ በሌላ ማልያ የሮጠ፥ ከኛ ይቆጠራል?"

ጸጥ አለ ማዕዱ፤ ከባድ ነው ጥያቄው፣
ቀዳሁላቸው ዳግም፥ እንዳይፈስ፥ ቀስ ነው።
ከዚያ ሁሉም ባንዴ! ቫርላም ወንበሩን ገልብጦ፣
"አጎቴ ለባዕድ ነበር ልትለኝ ነው?" ብሎ ወጣ፥ ተቆጥቶ፤
ቆቡን ረስቶ ኖሮ ተመለሰ፣
ለቆቡ ብሎ ተቀመጠ፥ የጀመረውን ጨረሰ።

ናዚብሮላ ገባች፥ የበቆሎ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ፣
ፋሲካም ቢሆን ጥቁሯን አልጣለች፥ እስከ ሙት ዓመት ብላ።
"ሴቫርዮንስ?" አለች።
ሣቅ ብጤ አመለጣቸው።
ሴቫርዮን! አንድ ቀን፥ ተቀያሪ ሆኖ፥ አሥራ አንድ ደቂቃ፣
ኳስ ሁለቴ ነካ፤ አንዷን ጣላት፥ ከጭቃ።

ቂጣውን ቆረሰች፥ ማንንም ሳታይ፦
"መብራት በጠፋበት፥ በዚያ የብርድ ወራት ላይ፣
አውቶቡሱ ናፍጣ፥ ልጆቹ ስንቅ አልነበራቸውም፤
ሁለቱን ላሞች ሸጠ፥ ለኔ አልነገረኝም።
ጁምበራችሁ የሄደው በቀይዋ ላሜ ነው፣
ቤሳርዮናችሁ የተመለሰው በጥቁሯ ነው።
ማልያውን፥ አሥራ አምስቱንም፥ በወንዝ ያጠብሁት እኔ ነኝ፤
የማን ላብ እንደሚከብድ እኔን ጠይቁኝ።"

ማንም አልጠየቃት።
ካርሎ መነጽሩን አጠለቀ፥ መልሶ አወለቀው፤
ኤልጉጃ ወደኔ ዞሮ፥ "አንተስ፥ ማንን ትላለህ፥ ቀጂው?"
አፍ ተሰጠኝ፥ በስንት ዘመን!
"ማድጋው አልቋል" አልኩት፥ ዓይኔን ከዓይኑ መንጥቄ፥ ሳፈገፍግ ወደ ጓዳችን።

ሊነጋጋ ሲል ወጣን፥ ኳሱን እየተቀባበልን፣
ጭቃው ጫማ እየበላ፥ ክብደቱ እያስቆመን።
መቃብሩ በር ስንደርስ፥ የማን ይሁን ያለ የለም፤
ከሴቫርዮን አፈር ላይ ሣር ገና አልበቀለም።
ቫርላም ቆቡን አውልቆ፥ ራስጌው ላይ አኖረው፣
ናዚብሮላ በመዳፏ፥ እንደ ልጅ ፊት ጠረገችው።

ዝም አልን። ዶሮ ጮኸ፥ ከላይኛው መንደር።
ፓርመን ግን አልቻለም፤ ጠጋ አለኝ፥ ከጆሮዬ ሥር፦
"ቤሳርዮን ቢሆን እኮ" አለኝ በሹክሹክታ፣
"ይህንንም ይለጋው ነበር፤ ከነአፈሩ፥ እስከ ደወሉ ቦታ።"