ሁለት ክንድ ሲቀር

ደረጃ የለውም፣ እርካብ የለው ከቶ፣
ቆሟል ገደል አፋፍ የባሕር ጨው ጠጥቶ፤
ሙልጭልጭ የሚል ብረት፣ እንደ ዓሣ ጀርባ።
ጫፉ ላይ አንቴናው ከትናንት ወዲያ ዲዳ ሆኗል፤
የሱዱሮይ ጀልባዎች ጨለማውን ይጠይቃሉ፣
የሚመልስ የለም።

ቤንታ ሁለት ገመድ ጠመጠመችበት፣
አንዱን ለወገቧ፣ አንዱን ለእግር መርገጫ።
«አንዱ ሳይነክስልሽ ሌላውን አትንኪ!»
ይላል ሃኑስ ከታች፣ የማይታጠፍ እግሩን ድንጋይ አስደግፎ።
ታውቀዋለች። ይበል።

ቋጠሮው ይገርማል፦
ሲጫኑት ይነክሳል፣ ሲያቀሉለት ይለቃል፤
እንደ ሰው አይደለም፣
ሸክም ሲበዛበት ይብስ የሚጨብጥ።
ወገብ፣ እግር። ወገብ፣ እግር።
ስንዝር በስንዝር ምድር ወደ ታች ሄደች።

ሁለት ክንድ ሲቀራት ነፋሱ ዞረ።
ምሰሶው አቃሰተ፣ ሰማዩ ተጠጋ።
የመፍቻው እጀታ በመዳፏ ሞቀ፤
«ሁለት ክንድ ብቻ...»
ሃኑስም የወደቀ ቀን ያለው ይህንኑ ነበር።

ወረደች።
እግር፣ ወገብ። እግር፣ ወገብ።
ሽማግሌው አላመሰገነ፣ አልጠየቀ፤
እርጥቡን ገመድ ጨምቆ ጠቀለለና
«ነገ ጧት» አለ፤
ለዛሬው ሌሊት ፋኖስ ፍለጋ እያነከሰ ሄደ።